በአነስተኛ በጀት የሚበረክት የትራያልስ የኋላ ሞዞ እንዴት ይመረጣል?

ትራያልስ በሚባለው የሳይክል ስፖርት ላይ ሳይክል የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ይዘላል። ነጂው የኋላ ፍሬን ይዞ በአንድ ጎማ ይቆማል። ፍሬኑን ለቅጽበት ይለቅና ፔዳሉን በሙሉ ክብደቱ ይመታዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ስኮትላንዳዊው ዳኒ ማካስኪል ኤደንብራ ከተማ ውስጥ አጥር ላይ ሲነዳ የሚያሳየው ቪዲዮ ኢንተርኔቱን ካጥለቀለቀ ወዲህ ነገሩን የሚሞክር ብዙ ነው። ቶሎ የሚሰበረው ዕቃ ደግሞ የኋላ ሞዞ ነው። ሞዞ ስል ጎማው መሀል ያለውን፣ ሽቦዎቹ ሁሉ የሚያያዙበትን ክፍል ማለቴ ነው።

ለምን እንደሚሰበር በቁጥር እንየው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 170 ሚሊ ሜትር የፔዳል ክንድ ላይ ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ ወደ 117 ኒውተን ሜትር ይጫነዋል። የብዙ ትንንሽ መኪኖች የጎማ ብሎን የሚጠብቀው በዚሁ ገደማ ነው። ትራያልስ ላይ ግን ቆሞ መጫን ብቻ አይደለም፣ ምት አለ። ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው ከጣት ጥፍር ብዙም በማይበልጡ ብረቶች ላይ ነው። እነሱ ሳይነክሱ ካመለጡ እግር ባዶ ይረግጣል፣ ጉልበት መሪው ላይ ይላተማል።

ብዙ ሰው መፍትሄው ውድ ሞዞ መግዛት ይመስለዋል። ብር ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ ግን ሞዞው ውስጥ የሚሰበር ነገር እንዳይኖር ማድረግ ይቻላል።

መጀመሪያ ለኩ

ፍሬሙ የኋላ ጎማውን በሚይዝባቸው ሁለት ጫፎች መሀል ያለውን ክፍተት በሚሊ ሜትር ለኩ። የ20 ኢንች የውድድር ሳይክል አብዛኛውን ጊዜ 116 ነው። የ24 እና የ26 ኢንች ግን ብዙውን 135 ነው። 116ቱን ገዝቼ ቀሪውን በሮንዴላ እሞላዋለሁ ማለት ሥራ ፍለጋ ነው።

ቀጥሎ የቸርኬውን ቀዳዳ ቁጠሩ። 32 በጣም የተለመደ ነው። ካልገጠመ ሞዞው በነጻ ቢሰጣችሁም አይጠቅምም። ፍሬናችሁ ዲስክ ከሆነ ዲስኩ የሚታሰርበት ቦታ መኖሩን እዩ። ፐርኖው (ሞዞው መሀል የሚያልፈው ዘንግ) ደግሞ በቁልፍ የሚጠብቅ ብሎን ይኑረው። በእጅ ታጥፎ የሚዘጋው ዓይነት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በምቱ ጎማው ከቦታው ይንሸራተታል።

ጥፍሮቹ የት ይሁኑ?

ዋናው ውሳኔ ይሄ ነው። ፔዳል መርገጥ ስታቆሙ ትር ትር የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከነዚያ ትንንሽ ጥፍሮች ነው። ትንሽ ሞላ እየገፋቸው ጥርስ ውስጥ ይገባሉ። ወደፊት ስትረግጡ ይነክሳሉ፣ ስታቆሙ ይንሸራተታሉ። በተራ ሳይክል ላይ የሚገኙት ኋላ ጎማ ላይ ነው። በትራያልስ ግን ወደ ፊት፣ ወደ ፔዳሉ ክንድ ማምጣት ይቻላል።

የትራያልስ ፔዳል ክንድ ብዙውን ጊዜ ፍሪዊል (ጥፍሮቹን ውስጡ የያዘ የሰንሰለት ጥርስ) የሚታሰርበት ቪት አለው። የእናንተ ካለው ግማሹ ችግር አልቋል። ፍሪዊሉ ፊት ላይ ይታሰራል፤ ኋላ የሚቀረው ባዶ ሞዞና በቪት የሚታሰር አንድ ጥርስ፣ ሰንሰለቱ የሚያልፍበት ክብ ብረት፣ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሞዞ ሲሰባበር የሚውል ነገር የለውም፤ አካል፣ ፐርኖና ኩሽኔታ፣ በቃ። ዋጋውም ቀላል ነው። የተረፈውን ብር ጥሩ ፍሪዊል ላይ አውሉት። ቢበላሽ እንኳ እሱን ብቻ ትቀይራላችሁ፣ ጎማውን ፈታችሁ ሽቦ እንደገና አትወጥሩም።

ጉድለትም አለው። ጎማው በዞረ ቁጥር ሰንሰለቱም አብሮ ይዞራል፣ እግር ቢያርፍም። ሱሪና ጣት ይጠንቀቁ። ሳይክል ገልብጠው ጎማ እያሽከረከሩ ሰንሰለት የሚነካኩ ልጆች ቤት ካሉ ደግሞ ቆም ብላችሁ አስቡበት።

ፍሪዊሉን ኋላ ሞዞው ላይ ማሰርስ? ይቻላል፣ ርካሽም ነው። ግን በተለመደው ቪት የሚገኘው ትንሹ ፍሪዊል 16 ጥርስ ነው። ውድድር ነጂዎች ኋላ 12 ወይም 15 ስለሚፈልጉ አይመቻቸውም። ለመንገድ ትራያልስ ያን ያህል አይከፋም።

የፔዳል ክንዳችሁ ቪት ከሌለውና ኋላ 16 ጥርስ ካልተመቻችሁ ፍሪሀብ ያለው፣ ማለትም ጥፍሮቹ ራሱ ውስጥ የተሠሩለት ሞዞ ግድ ይሆናል። እንግዲያው ጥርሱ የሚገባበት አካል ብረት ይሁን። አሉሚኒየም ከሆነ ቀጭን ጥርስ እየቆረጠ ይገባበታል፣ ለማውጣትም መዶሻ ያስፈልጋል። የእንግሊዙ ኩባንያ ሆፕ ይህን ለትራያልስ ብሎ በብረት ያወጣል፤ መለዋወጫውም ስለሚገኝ ያገለገለውን መግዛት ያዋጣል።

ቁጥሩን ማንበብ

ሻጮች "72 ክሊክ"፣ "108 ክሊክ" ይላሉ፤ በአንድ ዙር ውስጥ ጥፍሮቹ የሚነክሱባቸው ቦታዎች ብዛት ነው። 360ን ለዚያ ቁጥር አካፍሉት። 18 ከሆነ እስኪይዝ 20 ዲግሪ ባዶ ይሄዳል። 36 ከሆነ 10፣ 72 ከሆነ 5። ፕሮ 2 የሚባለው የሆፕ ሞዞ የመጀመሪያው 24 ነበር፣ ኢቮ የሚባለው 40 ሆነ፣ ፕሮ 4 ደግሞ 44። ውዱ የክሪስ ኪንግ ሞዞ 72 ነው።

ከ36 በታች አትውረዱ ባይ ነኝ። ከ72 በላይ መሄድ ግን ለጀማሪ ብር ማባከን ነው፤ ጥርሱ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ ያንሳል። አንድ የሚረሳ ነገርም አለ። ጥፍሮቹ ኋላ ከሆኑና ፊት 18፣ ኋላ 15 ጥርስ ካላችሁ፣ የሞዞው 10 ዲግሪ ፔዳሉ ላይ ወደ 8 ገደማ ሆኖ ነው የሚሰማችሁ። ፊት ላይ ከሆነ ግን 10ሩ እንዳለ 10 ነው።

ያገለገለ ስትገዙ

በፎቶ ብቻ አትግዙ። ፐርኖውን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። እንደ አሸዋ ከኮረኮረ ኩሽኔታው አልቋል። ይሄ ለመደራደር ይረዳል እንጂ አያስፈራም፤ ኩሽኔታው ጎን ላይ 6902 ወይም 6001 ዓይነት ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። እነዚህ ለሳይክል ብቻ የተሠሩ አይደሉም፣ ማንኛውም ኩሽኔታ ሻጭ ጋ አሉ።

የሚያስፈራው ስንጥቅ ነው። የሽቦዎቹን ቀዳዳዎች ዙሪያ በጨርቅ ጠርጉና በስልክ መብራት ከጎን አብሩበት። ፀጉር የምታክል መስመር ከታየች ተመለሱ። የሆፕ ፍሪሀብ በእጅ ተስቦ ስለሚወጣ ሻጩን አውጣልኝ በሉት። የጥፍሮቹ ጫፍ ስል ይሁን። ክብ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ማምለጥ ጀምሯል ማለት ነው። ጥፍር ይቀየራል፤ ሞዞው ውስጥ ያለው የጥርስ ቀለበት ከተሸራረፈ ግን ተዉት።

ስትገጥሙት

ጥርሱን ከማሰራችሁ በፊት ቪቱን ግራሶ ቀቡት። በእያንዳንዱ ምት እየጠበቀ ስለሚሄድ ደረቁን ካሰራችሁት አይፈታም። ጥፍሮቹ ላይ ግን ወፍራም ግራሶ አታድርጉ! ሞላዋ ደካማ ናት፣ ግራሶው ይይዛታል፣ ጥፍሩ በጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። ደህና የሚባል ሞዞ "ያመልጣል" ተብሎ የሚጣለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ቀጭን ዘይት ይበቃል።

ከዚያ ፍሬን ይዛችሁ ፔዳሉ ላይ ቁሙና ደጋግማችሁ ተጫኑት፣ በሁለቱም እግር። ካላመለጠ ዝቅ ካለ የመንገድ ጠርዝ ጀምሩ። ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላ የፐርኖውን ብሎን፣ የሽቦዎቹን ውጥረትና ሰንሰለቱን እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ የተወጠረ ጎማ ሁሌም ትንሽ ይላላል።