ዩአይኦ-66 አልወጣ ሲል፦ የሞዱሌተር ችግሮችና መፍትሔያቸው

ዩአይኦ-66 የዚርኮኒየም ክላስተሮች (ትናንሽ የአቶም ስብስቦች) በቴሬፍታሊክ አሲድ አገናኝነት የተያያዙበት ባለ ቀዳዳ ክሪስታል ነው፤ ሞዱሌተር ደግሞ ክሪስታሉ ቀስ ብሎ እንዲያድግ የሚጨመር አሲድ ነው። የአሠራሩ መነሻ ይህ ነው፦ 117 ሚሊግራም (0.5 ሚሊሞል) ዚርኮኒየም ቴትራክሎራይድ፣ 83 ሚሊግራም ቴሬፍታሊክ አሲድ፣ 30 ሚሊ ሊትር ዲኤምኤፍ (ዲሜቲልፎርማማይድ፣ ማሟሚያው)፤ በታሸገ ዕቃ፣ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 24 ሰዓት። ዕቃውን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሙሉ፤ ሲከፍቱትም ፊውም ሁድ (ጭስ መሳቢያ) ውስጥ ይሁን። «እጥፍ» ሲባል በሞል፣ ከዚርኮኒየሙ አንጻር ነው።

ጄል ወይም ቅርጽ የለሽ ዱቄት ወጣ

በመዳብ ኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የክሪስታል አወቃቀር መመርመሪያ) 7.4 እና 8.5 ዲግሪ ላይ ሹል ጫፎች መታየት ሲገባቸው ሰፊ ጉብታ ብቻ ይታያል። ዚርኮኒየም ካርቦክሲሌትን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ የተሳሳተው ትስስር ተፈትቶ ለመታረም ጊዜ አያገኝም። 30 እጥፍ ቤንዞይክ አሲድ (1.83 ግራም) ወይም 50 እጥፍ አሴቲክ አሲድ (1.4 ሚሊ ሊትር) ይጨምሩ። አንድ ካርቦክሲል ብቻ ስላላቸው የዚርኮኒየሙን ቦታ ይይዛሉ እንጂ መረቡን አይቀጥሉም፤ ቴሬፍታሊክ አሲዱ እነሱን እያስለቀቀ ቀስ ብሎ ይገባል። መጀመሪያ ዚርኮኒየሙንና ሞዱሌተሩን ያሟሙ፣ ቴሬፍታሊክ አሲዱን ከዚያ ያስገቡ።

ከ24 ሰዓት በኋላም ፈሳሹ ጥርት እንዳለ ነው

ብዙ ሰው ወዲያው ሞዱሌተሩን ይቀንሳል። አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ግን ውሃው ነው። የዚርኮኒየም ክላስተሩ ስድስት ዚርኮኒየም፣ አራት ኦክሶና አራት ሃይድሮክሶ አለው፤ ስምንቱም ኦክስጅን የሚመጣው ከውሃ ነው። በስሌት ለዚህ ቅንብር 12 ማይክሮ ሊትር ያህል ይበቃል፤ በተግባር ግን ከ18 እስከ 36 ማይክሮ ሊትር ለክቶ መጨመር ይሻላል። ብልቃጡ ደጋግሞ የተከፈተ ዚርኮኒየም ክሎራይድ ከአየር እርጥበት ስቦ ስለሚቆይ የዛሬው ውጤት ነገ አይደገምም፤ ሚዛኑም ያሳስታል። በደረቅ ቦታ አሽገው ያስቀምጡት። ውሃው ተስተካክሎም ካልዘቀጠ ሞዱሌተሩን በግማሽ ይቀንሱ ወይም 48 ሰዓት ይቆይ።

ክሪስታሉ ጥሩ ነው፣ የገጽ ስፋቱ ግን አይገጥምም

በግራም ከ1200 ካሬ ሜትር በእጅጉ ከበለጠ አይደሰቱ፦ አገናኝ ሞለኪውሎች (ቴሬፍታሌቶች) ጎድለዋል ማለት ነው። እንደ ትራይፍሎሮአሴቲክ ያለ ጠንካራ አሲድ ጉድለቱን ያበዛል። በቴርሞግራቪሜትሪ (ናሙናው ሲሞቅ ክብደቱን መለካት) መጨረሻ ላይ የሚቀረውን ዚርኮኒያ (ዚርኮኒየም ኦክሳይድ) 100 በመቶ ቢሉ፣ አገናኙ ከመቃጠሉ በፊት ያለው ክብደት 220 በመቶ መሆን አለበት፤ ካነሰ ጎድሏል። ጉድለት ለካታሊስት ሆን ተብሎም ይፈለጋል። ካልፈለጉት ሞዱሌተሩን ይቀንሱ፣ ቴሬፍታሊክ አሲዱን ወደ 2 እጥፍ ያሳድጉ።

የገጽ ስፋቱ ከ1200 ካነሰ ግን ቀዳዳው ተዘግቷል። በሞቀ ዲኤምኤፍ ሦስት ጊዜ ያጥቡ፣ በሜታኖል እየቀያየሩ ይዘፍዝፉ፣ በቫክዩም 120 ዲግሪ ላይ ያድርቁ። ከክላስተሩ ጋር የተያያዘ ቤንዞዌት ግን በእጥበት ብቻ አይወጣም፤ ጥቂት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ባለበት ዲኤምኤፍ 100 ዲግሪ ላይ ማሳደር ይጠይቃል። መውጣቱን ለማረጋገጥ ናሙናውን በሶዲየም ዲዩተሮክሳይድ ፈትቶ በኤንኤምአር (በውስጡ ያሉትን ሞለኪውሎች መለያ መሣሪያ) ማየት ነው።