ላርጎው እንደ ውሃ ቀጠነብኝ ለምትሉ

በቴክሳፖን (አረፋ የሚሰጠው ወፍራም የሳሙና ጥሬ ዕቃ) እና በላብሳ (አሲድ የሆነው የሳሙና ጥሬ ዕቃ) ላርጎ፣ ማለትም ፈሳሽ ሳሙና የምትሰሩ ሰዎች የምትጠይቁኝ ሁሌ ያው ነው፦ «ጨው ጨመርኩ፣ አሁንም ጨመርኩ፣ ጭራሽ ውሃ ሆነ!»

ጨው በዝቶበት ነው። ጨው ላርጎን የሚያወፍረው እስከ ልኩ ድረስ ነው፤ ካለፈ መልሶ ያቀጥነዋል። ለማረጋገጥ በሁለት ብርጭቆ ትንሽ ትንሽ ቅዱ። አንዱ ላይ ንጹህ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ አማስሉ። ከወፈረ ጨው በዝቷል። አዎ፣ ውሃ ተጨምሮበት ይወፍራል! ሌላው ላይ የጨው ውሃ ጠብ አድርጉ፤ እሱ ከወፈረ ጨው አንሷል።

አንድ ልጅ ሙሉ በርሜል ሊደፋ ሲል ደረስኩበት። ደረቅ ጨው በእፍኝ ይበትናል፣ ለዚያውም ላርጎው ገና ትኩስ እያለ። ኮስቲክ (የላብሳውን አሲድ የሚያበርደው ኮስቲክ ሶዳ) ያሞቀው ላርጎ እኮ ቀጭን ነው፤ ሳይቀዘቅዝ አትፍረዱበት። በውሃና በትንሽ ቴክሳፖን መልሰን አወፈርነው። ሚዛን መግዛት ይህን ያህል ይከብዳል? ጨዉን በውሃ አሟሙ፣ በትንሽ በትንሹ አፍስሱ፣ አማስሉ፣ ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 በመቶ ይበቃል፤ ለ20 ሊትር በ200 ግራም ጀምሩ።

ሁለቱም ብርጭቆ ካልወፈረ ቴክሳፖኑን ጠርጥሩ። ደህናው 70 በመቶው ራሱ የሳሙናው ንጥረ ነገር ነው፣ ከማንኪያ ላይ እየተጎተተ ነው የሚወርደው። በውሃ አቅጥነው የሚሸጡ ቸርቻሪዎች አሉ፣ ሳታዩ አትክፈሉ።

እጅ ካቃጠለ፦ ወይ ላብሳው ወይ ኮስቲኩ በዝቷል። ለ1 ኪሎ ላብሳ ወደ 120 ግራም ኮስቲክ ይሄዳል፤ ተከፍቶ የቆየ ኮስቲክ ግን እርጥበት ስለሚስብ በግራሙ ብቻ አትመኑ፣ በፒኤች ወረቀት (አሲድነትን በቀለም የሚያሳይ) 7 አካባቢ መድረሱን እዩ። ኮስቲኩን ወደ ውሃ ነው የምትጨምሩት፣ ውሃውን ወደ ኮስቲክ በፍጹም! ጓንት፣ መነጽር። የአሉሚኒየም ድስት አትጠቀሙ፤ ኮስቲክ ይበላዋል፣ የሚወጣው ሃይድሮጅንም ይቀጣጠላል።

ቴክሳፖኑ ከጓጎለ፦ አትደብድቡት፣ ሸፍናችሁ አሳድሩት።

ከደፈረሰ፦ አረፋ ከሆነ ሲያድር ይጠራል። በብርድ ደፍርሶ ሲሞቅ የሚጠራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ያው ጨው ነው።

ከሸተተ፦ ማቆያ (እንዳይበላሽ የሚጨመረው) አልገባበትም። ድፉት።

በረኪና የነበረበት ባልዲ ሳይታጠብ ላብሳ እንዳይገባበት። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። ከሸተታችሁ ባልዲውን ትታችሁ ወደ ደጅ ሩጡ።