በኤሌክትሪክ መኪና ረጅም መንገድ ሲወጡ፦ ጉዞን በቻርጅ ማዕከላት ማቀድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኤሌክትሪክ መኪና ከከተማ ወጥቶ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ተስፋ የሚያደርገው በአንድ የመኪና ማቆሚያ ጥግ ብቻውን የተተከለ የ50 ኪሎዋት ቻርጀር ነበር፤ ያ ቻርጀር ከተበላሸ ወይም ሌላ መኪና ከተሰካበት ጉዞው እዚያው ይገታል። ዛሬ በብዙ አገሮች ዋና ዋና መንገዶች ላይ 8፣ 12፣ አንዳንዴም ከ20 በላይ ቻርጀሮች በአንድ ስፍራ የተሰበሰቡባቸው ማዕከላት እየተስፋፉ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ፣ በዋና የትራንስፖርት መስመሮቹ ላይ በየ60 ኪሎ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ጠቅላላ ኃይሉ ከ400 ኪሎዋት የማያንስ የቻርጅ ማዕከል እስከ 2025 ማብቂያ ድረስ እንዲኖር አባል አገሮቹን አስገድዷል።

ስለ ቻርጅ የሚጻፉ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ ስለ ኪሎዋት መጠን፣ ማለትም ቻርጀሩ ኤሌክትሪክ ስለሚሰጥበት ፍጥነት፣ ሲያስረዱ ይውላሉ። በእኔ አስተያየት ግን መቆሚያ ሲመርጡ አስቀድመው መመልከት ያለብዎት የቻርጀሮቹን ብዛት ነው። 350 ኪሎዋት የሚሰጥ ብቸኛ ቻርጀር ከተበላሸ የሚሰጠው ምንም ነው፤ እያንዳንዳቸው 150 ኪሎዋት የሚሰጡ 10 ቻርጀሮች ባሉበት ግን ሁለቱ ቢበላሹና አምስቱ ቢያዙ እንኳ ለእርስዎ የሚተርፍ አይጠፋም።

ከመነሣትዎ በፊት በመጀመሪያ መኪናዎ የተሠራበትን የሶኬት ዓይነት ያረጋግጡ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ መኪኖች በአብዛኛው ሲሲኤስ 2፣ ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢ/ቲ፣ ለጃፓን የተሠሩት ቻደሞ ሲይዙ፣ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ከሲሲኤስ 1 ጎን ቴስላ የጀመረው ኤንኤሲኤስ እየሰፋ መጥቷል። መኪናው ከተሠራለት ገበያ ውጭ የሚነዳ ከሆነ፣ በመንገድዎ ያሉት ማዕከላት የሚስማማ ገመድ እንዳላቸው አንድ በአንድ ማጣራት ይገባል። በፈጣን ቻርጀር ላይ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ስለሚያልፍ፣ የመኪናው አምራች ያልፈቀደውን አስማሚ (አዳፕተር) መጠቀም ለእሳት አደጋ ሊዳርግ ይችላል።

ቀጥሎ የሚያስፈልግዎት ሁለት ቁጥር ነው፤ መኪናዎ ሊቀበል የሚችለው ከፍተኛ ኃይልና በፈጣን መንገድ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር የሚፈጀው የኤሌክትሪክ መጠን። የመጀመሪያው ቁጥር የቻርጀሩ ሰሌዳ ከሚያሳየው ይልቅ የሚወስነው መኪናዎ መሆኑን ያስታውስዎታል። ለምሳሌ ባትሪው 400 ቮልት አካባቢ የሆነ መኪና 350 ኪሎዋት ከተጻፈበት ቻርጀር ጋር ቢገናኝም፣ ገመዱ የሚያሳልፈው እስከ 500 አምፔር ብቻ ከሆነ ከ200 ኪሎዋት በላይ ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ ለ350 ኪሎዋት ቻርጀር ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍል ማዕከል ካጋጠመዎትና መኪናዎ ከ120 ኪሎዋት በላይ የማይቀበል ከሆነ ትርፉ የኪስዎ ጉዳት ነው።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት (የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ ነው) የሚይዝ፣ በፈጣን መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ መኪና ከሙሉ ቻርጅ ተነሥቶ 10 በመቶ እስኪቀረው ድረስ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በየመቆሚያው ከ10 ወደ 80 በመቶ ቢሞላ የሚያገኘው 42 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 210 ኪሎ ሜትር ነው። በአማካይ 90 ኪሎዋት ቢቀበል ይህን ለመሙላት 28 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በ50 ኪሎዋት ቻርጀር 50 ደቂቃ፣ በ11 ኪሎዋት ተለዋጭ ጅረት (በየቤቱ በሚገኘው የኤሌክትሪክ ዓይነት) ደግሞ ወደ አራት ሰዓት ይፈጅበታል። ተለዋጭ ጅረት የሚሰጡት ቀርፋፋ ቻርጀሮች መንገድ ላይ ሳይሆን ሌሊት በሚያድሩበት ቦታ የሚጠቅሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ለምን እስከ 80 በመቶ ብቻ? ባትሪው ሲሞላ ቮልቴጁ ወደ ወሰኑ ስለሚጠጋ መኪናው ባትሪውን ለመጠበቅ የሚቀበለውን ኃይል ይቀንሳል። የመጨረሻውን 20 በመቶ መሙላት ከዚያ በፊት የነበረውን 70 በመቶ የመሙላት ያህል ጊዜ ሊወስድ ይችላል። በመሆኑም አንድ ጊዜ ረጅም ከመቆም ሁለት ጊዜ አጭር መቆም አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ያደርሳል፤ ይህን የሚፈቅደውም የማዕከላቱ መቀራረብ ነው። ቀጣዩ ማዕከል ሩቅ ከሆነ ግን ሕጉን ይርሱትና እስከ 90 ወይም 100 በመቶ ይሙሉ።

መቆሚያዎቹን ሲመርጡ ከ10 በመቶ ባላነሰ ቻርጅ የሚደርሱባቸውን ማዕከላት ይያዙ፣ ለእያንዳንዱም በቀረው ቻርጅ ሊደርሱበት የሚችሉት ተጠባባቂ ማዕከል ይኑርዎት። ብርድ፣ ከፊት የሚመጣ ነፋስ፣ ዝናብና ዳገት ፍጆታውን ከፍ ያደርጉታል። መኪናውን የሚገታው የአየር ግፊት ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ስለሚያድግም (ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል)፣ ቻርጁ እንደማያደርስ ሲጠረጥሩ ፍጥነትን ከ120 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ዝቅ ማድረግ የአየር ማቀዝቀዣውን ከማጥፋት የበለጠ ይረዳል። ቀዝቃዛ ባትሪ ኃይልን ቀስ ብሎ ስለሚቀበል፣ መድረሻ ማዕከሉን በመኪናው ካርታ ላይ ያስገቡ፤ ብዙ አዳዲስ መኪኖች ይህን ሲያውቁ ባትሪውን አስቀድመው ያሞቃሉ።

ማዕከሉ ሲደርሱ ባዶ በሆነው የመጀመሪያ ቦታ ላይ ለመቆም አይቸኩሉ። በአንዳንድ ማዕከላት ሁለት ገመዶች አንድ የኃይል ሣጥን ስለሚጋሩ፣ አጠገብዎ ያለው መኪና እየሞላ ከሆነ ለእርስዎ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቦታ ካለ ጎረቤት የሌለውን ቻርጀር ይምረጡ። የክፍያ መተግበሪያውን ከቤት ሳይወጡ ጭነው ካርድዎን ያስመዝግቡ፣ ምክንያቱም የስልክ ኔትወርክ በሌለበት ስፍራ አዲስ መለያ መክፈት ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ቻርጁ አልጀምር ካለ ገመዱን ነቅለው ፕላጉ እስኪጠብቅ ድረስ በደንብ ገፍተው ይሰኩት፤ የፈጣን ቻርጀር ገመድ ከባድ ስለሆነ ፕላጉ በክብደቱ ወደ ታች ሊያዘነብል ይችላልና ግንኙነቱ እስኪረጋገጥ በእጅዎ ደገፍ ያድርጉት። ሁለተኛውም ሙከራ ካልሠራ ጊዜ ሳያባክኑ ወደ ሌላ ቻርጀር ይዛወሩ። በጨረሱ ጊዜ ገመዱ አልላቀቅ ካለ ቻርጁን በመተግበሪያው ያቁሙና የመኪናውን በር በቁልፉ ከፍተው እንደገና ይሳቡት። ቀዩ የአደጋ ጊዜ ቁልፍ እንደ ጭስ ወይም እሳት ያለ አደጋ ሲኖር ብቻ የሚነካ ነው፤ አለዚያ የሌሎቹንም ቻርጅ ሊያቋርጡ ይችላሉ።

ለመጨረሻው መቆሚያ የተለየ ስሌት ያስፈልጋል። የሚያድሩበት ቦታ ቀርፋፋ ቻርጀር ካለው 15 በመቶ ይዘው መድረስ በቂ ነው። ከሌለው ግን በመንገዱ ላይ ካለው የመጨረሻ ማዕከል ሲነሡ፣ እስከ ማደሪያዎ የሚወስደውን ብቻ ሳይሆን በማግሥቱ ወደዚያው ማዕከል የሚመልስዎትንም ጨምረው ይሙሉ።