ወደ ደብረ ሊባኖስና ወደ ጀማ ገደል የሁለት ቀን የቡድን ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል

ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጎጃም መንገድ ፍቼ ከመድረሳችሁ በፊት፣ ሜዳው ድንገት ተቆርጦ ገደል ይሆናል። ከአፋፉ የሚወርደው ውሃ ጀማ ወንዝ ይገባል፤ ጀማም ዓባይ ይገባል። ለሃያ ሰው ቡድን የሚመች ቦታ ነው፤ ጉዞው የሚበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ሳይሆን ገና ቤት ሳላችሁ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ዝናቡ ያበቃል፣ ፏፏቴው ገና ሙሉ ነው፣ ሜዳውም በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። በየካቲት ከሄዳችሁ ገደሉን እንጂ ውሃውን አታዩም ማለት ይቻላል። ታኅሣሥ 24፣ ግንቦት 12 እና ነሐሴ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓላት ናቸው፤ ለማንገሥ ካልሆነ በቀር በነዚህ ቀናት አትሂዱ፤ አልጋም ቦታም አይገኝም። ቅዳሜና እሁድ ከሁሉም ይሻላል።

ቀጥሎ ገንዘብ። "እመጣለሁ" ያለ ሁሉ አይመጣም፤ ስለዚህ ቀብድ ያልከፈለ ሰው አይቆጠር። ሃያ አራት ሰው የሚይዝ ኮስተር ከተከራያችሁ፣ ኪራዩን ለሃያ አራት ሳይሆን ለሃያ አካፍሉ። አልጋ፣ ምግብና መግቢያ በነፍስ ወከፍ ስለሚቆጠሩ በዚያ ላይ ይደመራሉ። አራት ሰው ቢቀር ኪሳራ የለም፤ ሁሉም ከመጣ ትርፉ ለመጠባበቂያ ይሆናል። ገንዘብ ያዡ አንድ ሰው ይሁን፤ ቀሪው ክፍያ ጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው ይዘጋ።

ከባለ መኪናው ጋር ስትዋዋሉ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፦ ነዳጁ የማን ነው? የሹፌሩ አበልና አልጋ በዋጋው ውስጥ አለ? ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገዳሙ መውረድስ? የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል፤ መገንጠያው ላይ ሲደረስ "ይህ አልተባለም" ይመጣል፣ ጭቅጭቅ ይጀመራል። ስኮርታውንና ክሪኩን በዓይናችሁ እዩ። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ሁለት ቀን ሲቀረው ፍቼ ያለ ሰው በስልክ ጠይቁ፤ ጥርጣሬ ካለ ቀብዱ ቢቃጠልም ቀኑን ግፉ።

ምግብ ላይ ሽሮና ቀጭን ወጥ ይቅርባችሁ፤ ትኩሱን ከድናችሁ ስትጭኑት እስከ ምሳ ይኮመጥጣል፣ ቦርሳም ያበላሻል። ቋንጣ ፍርፍር፣ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና በሶ መንገድ ይችላሉ። ለአንድ ምሳ በሰው ሁለት እንጀራ፣ ለሃያ አራት ሰው አርባ ስምንት፣ ስድስት ደግሞ በትርፍ። ውሃ በቀን ለሰው ሦስት ሊትር። ጿሚ ካለ የጾሙ ዕቃ ለብቻ ይታሰር፤ ሙስሊም ባልደረቦች ካሉ ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ ቀድሞ ይነገር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። በሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከጡሪና ደብረ ጽጌ አድርጋችሁ 3 ሰዓት ገደማ ትደርሳላችሁ። ረፋዱን ለድልድዩና ለፏፏቴው ስጡት። "የፖርቹጋል ድልድይ" ቢባልም በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ እንዳሠሩት ይነገራል። ፏፏቴው አናት ላይ ያለው ድንጋይ ውሃ ያለሰለሰው ነው፤ የድንጋይ ሽበት ሲይዝ የቆዳ ጫማ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ልጆች ካሉ ለሁለት ልጅ አንድ አዋቂ ይመደብ። ለመግቢያና ለአስጎብኚ ዝርዝር ብር ያዙ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ስትሞቅ ሜዳ ወጥተው ሣር ይግጣሉ፤ ሲመሽ ይመለሳሉ። ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ አፋፉ ዘንድ ቁጭ በሉ። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳየ እየሳቀ አይደለም፤ ራቁ ማለቱ ነው። ዳቦ አትስጡ፤ የለመደ ጭላዳ ከእጅ ይነጥቃል። አፋፍ ላይ ያሉት ማረፊያዎች ክፍላቸው ጥቂት ስለሆነ፣ ትልቅ ቡድን ፍቼ ማደሩ ይቀላል። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጋቢ አይረሳ።

እሁድ ጠዋት ገዳሙ። ጠበል የሚፈልግ ሰው ምግብ ሳይቀምስ መሄድ ስላለበት፣ ቁርስ ከዚያ በኋላ ይሁን፤ ይህን ማታውኑ ካልተናገራችሁ ግማሹ በልቶ ይገኛል። ሴቶች ቀሚስና ነጠላ ይልበሱ፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ቅዳሴው ሲያልቅ የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌን ባለ ቀለም መስኮቶች ቀና ብላችሁ እዩ። ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዋሻ የሚወስደው መንገድ ዳገት ስለሆነ አረጋውያን አይቸኩሉ። ምሳ በልታችሁ 8 ሰዓት ላይ መኪናው ይንቀሳቀስ፤ ከመነሳቱ በፊት ግን ሰው በስም ይጠራ፣ በጭንቅላት መቁጠር ያሳስታል።