ረግረግ ዳር ቦታ የሚገዙ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሱሉልታና በአቃቂ በኩል፣ ሰው የይዞታ ሰነዱን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። አብዛኛው የሚመጣው ግን ከከፈለ በኋላ ነው።

በበጋ አይቶ መግዛት። ይሄ አንጀቴን ያሳርረኛል። የሱሉልታ ሜዳ ጥር ላይ ደረቅ ነው፤ ከብት ይግጥበታል። ደላላው የሚያሳያችሁም ያኔ ነው። እስቲ ነሐሴ ላይ ሂዱ! ውሃ ተኝቶበታል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል። አንዲት እናት ልጃቸው ከአረብ አገር በላከችው ገንዘብ የካቲት ላይ ገዙ። ሐምሌ ላይ ሲደውሉልኝ እያለቀሱ ነበር። ቄጤማ ካያችሁ እባካችሁ ቁሙ። የሰፈሩን እረኛ ጠይቁት፤ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ በጣቱ ያሳያችኋል።

«የራሴ ነው፣ ማን ይከለክለኛል?» ማለት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የእናንተ የመጠቀም መብቱና በላዩ የሠራችሁት ነው። ስለዚህ የከተማው ፕላን ቦታውን ለአረንጓዴ ወይም ለወንዝ ዳርቻ ከመደበው ቤት ልትሠሩበት አትችሉም። እኔም ረግረጉ መጠበቁን እደግፋለሁ፤ የክረምቱን ጎርፍ የሚይዝልን እሱ ነው። ግን ያው አንቀጽ መንግሥት የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል። ገበሬው ሳይሰማ ማሳው ካርታ ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ ሲገኝ በጣም ያሳዝነኛል። በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ካሳውን መጠየቅ አለበት።

የግብር ደረሰኝን እንደ ይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ማየት። አይደለም።

ገረጋንቲ ደፍቶ «አሁን ደረቅ መሬት ነው» ማለት። ይሄን እኔም አጥፍቻለሁ። ለዘመዴ «ሙላው» ብዬ መከርኩት። ውሃው ዞሮ የጎረቤቱ ጓዳ ገባ። ፕላኑ ላይ ያለውም ምደባ አልተለወጠም። እነዚያን ጎረቤቶች ሳገኝ ዛሬም አፍራለሁ።

በቃል መተማመን። «ቢሮ ያለ ሰው ችግር የለውም ብሎኛል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ከመክፈላችሁ በፊት የቦታውን ኮኦርዲኔት (ትክክለኛ መገኛውን የሚያሳዩ ቁጥሮች) አስለኩ፤ ለምን አገልግሎት እንደተመደበም መሬት አስተዳደር በጽሑፍ ይመልስላችሁ።

የማስነሻ ደብዳቤ ሲመጣ ቤት ተቀምጦ ማዘን። የአቤቱታ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ እየቆጠረ ነው። ቤቱን፣ ጉድጓዱን፣ ዛፉን በዚያው ቀን ፎቶ አንሱ። አቤቱታውን በጽሑፍ አስገቡና የእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱበት።