አንድ ሰው፣ አንድ ስም፦ መታወቂያ ሲያወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የከተማው ዳር ኑሮ ወረቀት ያበዛል። የልደት ካርዱ ከትውልድ ቀዬ ነው፣ የትምህርት ማስረጃው ከመሀል አዲስ አበባ፣ መታወቂያው ደግሞ ከአዲሱ ሰፈር። ሰፈርተኛው ማን እንደሆኑ ያውቃል። ባንክ ቤትና ፍርድ ቤት ግን የሚያውቁት ፊደሉን ብቻ ነው። ፊደሉ ከተለያየ ሁለት ሰው ሆኑ ማለት ነው።

በእኛ በዳር አገሩ ሰዎች ላይ በጣም የሚበዛው ስህተት በላቲን ፊደል አጻጻፍ የሚመጣው ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት በሥሩ ገብተዋል። እዚያ የቢሮው ሥራ በአፋን ኦሮሞ፣ ቋንቋው በሚጻፍበት የላቲን ፊደል በቁቤ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የወጣው ወረቀት ደግሞ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ጥላሁን የሚባል ሰው እንውሰድ። በእንግሊዝኛው ልማድ ስሙ በ«ቲ» ይጀምራል፤ በቁቤ ግን «ጠ» የሚጻፈው በ«ኤክስ» ነው። ጫላም እንዲሁ ነው። በቁቤ በ«ሲ» ብቻ ይጀምራል፣ «ጫ» ላይም «ላ» ላይም ያለው «ኤ» ይደገማል። በእንግሊዝኛው «ሲ» እና «ኤች» ይሆናል። ሁለቱም አጻጻፍ በየራሱ ሥርዓት ትክክል ነው። ጥፋቱ አንዱን ፓስፖርት ላይ፣ ሌላውን ባንክ ደብተር ላይ ማድረግ ነው። ስለዚህ ፎርም ከመሙላትዎ በፊት ከወረቀቶችዎ ሁሉ ለመለወጥ በጣም የሚያስቸግረውን ይምረጡ። ብዙ ጊዜ ፓስፖርቱ ወይም የዲግሪው ወረቀት ነው። የእሱን አጻጻፍ በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙና ለመዝጋቢው ያሳዩት። በቃል መናገር ብቻ አይበቃም፤ መዝጋቢው የሰማውን በራሱ ልማድ ነው የሚጽፈው።

ሁለተኛው፣ ስምን በሕዝባር ማሳጠር። «ተ/ማርያም» ተክለ ማርያም ነው ወይስ ተስፋ ማርያም? «ወ/ማርያም»ስ? ወልደ ማርያም ሊሆን ይችላል፣ የሴት ከሆነ ወለተ ማርያም። እናትና አባት አስበው ያወጡት ስም በአንዲት ሰረዝ ግማሹ ሲጠፋ ያሳዝናል። ሙሉውን ያስጽፉ። ሁለቱን ቃል አያይዘው ከጻፉ ሁልጊዜ ያያይዙ፣ ከለያዩ ሁልጊዜ ይለያዩ። ኮምፒዩተር ላይ «ማርያም» ብቻዋን ከተቀመጠች የአባት ስም መስላ ትቀራለች።

የቤት ስምም ብዙ መዘዝ አለው። ማሙሽ፣ ባቢ፣ ሚሚ እየተባሉ ያደጉ ልጆች ትምህርት ቤት በዚያው ይመዘገባሉ። የከፋው ግን በአባት ስም ሲመጣ ነው። አንዱ ልጅ የአባቱን የመዝገብ ስም ይይዛል፣ ታናሹ ሰፈር የሚጠራበትን። አባት ሲያርፉና የወራሽነት ማስረጃ ሲጠየቅ፣ ወይም ከእርሻ መሬቱ ካሳ ሊከፈል ሲል፣ የአንድ እናት ልጆች ወንድማማች መሆናቸውን በምስክር ማስረዳት ግድ ይሆንባቸዋል። ሐዘን ላይ ላለ ቤተሰብ ይህ ከባድ ነው። እባካችሁ፣ ወላጆች በሕይወት እያሉ የልጆቹን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ አስተያዩ። የአያት ስምም አይረሳ። አዲስ ልጅ ሲወለድ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ፤ ሕጉም ያዛል።

የልደት ቀንን ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ «8 ዓመት ደምር» ተብሎ የሚሠራው ሒሳብ ብዙ ሰው ያሳስታል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም 7 ነው፣ ከፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ጀምሮ 8። መስከረም 1 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1997 ነው። ጥር 1 ቀን 1990 የተወለደ ግን ጃንዋሪ 9 ቀን 1998። ቀኑና ወሩም እንደሚቀየር ልብ ይበሉ። ብዙዎች ዓመቱን ብቻ ለውጠው ቀኑን እንዳለ ይተዉታል።

የውጭ ፎርም ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ሲያዩ አይደናገጡ፣ አዲስ ስምም አይፍጠሩ። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ማራቶን ያሸነፈውን አበበን ፈረንጆች «ቢቂላ» እያሉ የጠሩት በዚህ የተነሳ ነው። ቢቂላ አባቱ ናቸው። ፓስፖርትዎ ላይ ያለውን ቅደም ተከተል እንዳለ ይከተሉ። ያገቡ እህቶችም ፎርም ላይ የባልን ስም በአባት ስም ቦታ አይሙሉ። በእኛ ባህል ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም፤ መታወቂያዋ አንድ ስም፣ ቪዛዋ ሌላ ስም ከያዘ መከራዋን ታያለች።

የወረዳ መታወቂያንና ፋይዳን (ብሔራዊውን ዲጂታል መታወቂያ) አንድ አድርጎ ማየትም አለ። የወረዳው የት እንደሚኖሩ ይናገራል፤ ቤት ሲቀይሩ መሸኛ አውጥተው አዲስ ይይዛሉ። ፋይዳ ግን 12 አሃዝ ያለው ቁጥርዎ ነው፣ ቡራዩም ይኑሩ ቃሊቲ አብሮዎት ይሄዳል። ስለዚህ በቴሌግራም ለማንም አይላኩት። ፎቶ ኮፒ ቤት ያስነሱትንም ቅጂ እዚያ ትተው አይውጡ።

ፋይዳ ላይ ስምዎ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ልደትዎም በሁለቱም አቆጣጠር ይሰፍራል። ሲመዘገቡ ስክሪኑን ወደ እርስዎ እንዲያዞሩልዎ ይጠይቁና ፊደል በፊደል ያንብቡ። ከኋላ ያለው ሰልፍ ቢያጉረመርምም አይቸኩሉ። ማንበብ የማይችሉ እናት ወይም አባት ካሉ ልጅ ወይም ጎረቤት አብሯቸው ይሂድ።