ሶርድስ ለምትገቡ፦ እኔ የተሳሳትኩትን እናንተ አትድገሙት

ሶርድስ አየርላንድ ውስጥ፣ የደብሊን አየር ማረፊያ አፍንጫ ሥር ያለች ከተማ ናት። ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታል፣ ባቡር ግን የላትም። አካባቢው ፊንጋል ይባላል፤ ድሮ ቫይኪንጎች ሰፍረውበት ስለነበር በአይሪሽ ቋንቋ «የባዕዳን ወገን» እንደማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ መጤዎች እኛ አይደለንም። የአገሬው ሰው ትሑት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ስትሳሳቱ እያየ ዝም ይላል።

ፌርማታ ላይ እጅን ኪስ ከቶ መቆም

በገባሁ ሳምንት ፓቪሊየንስ ገበያ ማዕከል አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ዝናቡ ከጎን ይገርፈኛል። አውቶቡሱ መጣ። እኔ ሹፌሩን አየሁት፣ እሱም አየኝ፣ አለፈኝ። በአማርኛ ሰደብኩት። ሁለተኛው ሲመጣ ከመጠለያው ውስጥ አንዲት አሮጊት ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። አዲስ አበባ ወያላው ነው የሚለምናችሁ፣ እዚህ ለማኙ እናንተ ናችሁ። በአንድ ፌርማታ ብዙ መስመር ስለሚያልፍ ሹፌሩ የትኛውን እንደምትፈልጉ በምን ያውቃል?

ሊፕ ካርድ የሚባለውን የመጓጓዣ መክፈያ ካርድ አውጡ። ስትገቡ በቀኝ በኩል ካለው ማንበቢያ ላይ ካስነካችሁት፣ ለአዋቂ በ2 ዩሮ 90 ደቂቃ እየቀያየራችሁ ትሄዳላችሁ። በጥሬ ገንዘብ ይወደዳል፣ ሳንቲም እንጂ የወረቀት ገንዘብም አይቀበሉም። ስትወርዱ ሹፌሩን አመስግኑ፤ ሁሉም ያደርገዋል፣ ዝም ብሎ የሚወርድ ያስታውቃል።

ሃይላንዱን ጨምድዶ መጣል

አገር ቤት ባዶ ሃይላንድ የቆራሌው ነው። እዚህ ቆራሌው ማሽን ሆኗል። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በፕላስቲክና በጣሳ ያለ መጠጥ ስትገዙ፣ ባዶውን ስትመልሱ የሚመለስላችሁ መያዣ ትከፍላላችሁ፤ እስከ ግማሽ ሊትር 15 ሳንቲም፣ ከዚያ በላይ እስከ 3 ሊትር 25 ሳንቲም። ሱቁ ጋ ያለው መቀበያ ማሽን ባርኮዱን ነው የሚያነበው፤ የተጨመደደውን መልሶ ይተፋዋል። የወተት ፕላስቲክ አይቆጠርም፣ የወይን ጠርሙስም ሌላ ቦታ ነው የሚጣለው። የምትቀበሉትን ወረቀት እዚያው ካሸር ጋ አስቀንሱበት ወይም በገንዘብ ቀይሩት። እኔ አንዱን ከሱሪዬ ጋር አጥቤዋለሁ።

እስኪያማችሁ ጠብቆ ሐኪም መፈለግ

ከሁሉ የሚያስከፍለው ይሄ ነው። እዚህ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጂፒ ወደሚሉት የሰፈር ሐኪም ነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ መዝገባቸው ሞልቶ አዲስ ሰው አይቀበሉም። ትኩሳት ይዟችሁ በየክሊኒኩ መደወል ከባድ ነው፣ ቀምሼዋለሁ። በደኅና ቀን ተመዝገቡ፤ እምቢ ቢሏችሁ ሌላ ጋ ሞክሩ። ያለ ጂፒ ደብዳቤ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚሄድ ሰው ሜዲካል ካርድ (መንግሥት የሚሰጠው የነፃ ሕክምና ካርድ) ከሌለው 100 ዩሮ ይጠየቃል። ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጂፒ ጋ በነፃ ይታያሉ፣ ነገር ግን ለዚህ የሚሰጠውን የጂፒ ካርድ ማመልከት አለባችሁ፤ ማንም ቤታችሁ ድረስ አያመጣላችሁም። ነፍስ የሚያሰጋ ነገር ሲሆን ግን ደብዳቤም ብርም አታስቡ፣ 112 ወይም 999 ነው።

ቡና ለመቁላት የጭስ ደወሉን መንቀል

ባትሪውን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ የሚከቱ አበሾች አውቃለሁ። እባካችሁ። ቤቶቹ ግድግዳ ይጋራሉ፤ የእናንተ እሳት የጎረቤትም ነው። የመጀመሪያ ቀን እኔ ጋ ቡናው ገና ቅባት ሲያወጣ ደወሉ ጮኸ፣ ጎረቤቴም በነጠላ ጫማ መጣች። አቦሉን አስጠጣኋት፣ ቶናውን ሳትጠብቅ ሄደች። አሁን የኩሽናውን በር ዘግቼ መስኮቱን ከፍቼ እቆላለሁ። ዕጣኑንም ቀነስ ማድረግ ነው።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» ብሎ አድራሻ መስጠት

አንድ መንደር ውስጥ ያው ስም ፓርክ፣ ድራይቭ፣ ክሎዝ፣ ላውን እየተባለ ይደጋገማል፤ የቤት ቁጥሩም እንደዚያው። ለልደት የጠራሁት ጓደኛዬ ድፎ ዳቦ ታቅፎ የማያውቀው ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር። ኤርኮድ የሚባል ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ለእያንዳንዱ አድራሻ ለብቻው ተሰጥቷል፤ የሶርድስ በኬ67 ይጀምራል። በቃላችሁ ያዙት፣ ልጆቻችሁንም አስጠኑ፤ አምቡላንስ የሚጠይቃችሁም እሱን ነው።

ቤተ መጻሕፍቱን መፍራት

ማኅተም ያለው ደብዳቤ አይጠይቁም። አባልነቱ ነፃ ነው፣ የማዘግየት ቅጣትም ከ2019 ወዲህ ቀርቷል።

በፈረንጆቹ ገና ለመዘዋወር ማቀድ

ዲሴምበር 25 ቀን አውቶቡስም ባቡርም የለም። የለም ስል የለም ነው። መሃል ከተማ ወዳጅ የጠራው ሰው ወይ ዋዜማውን ሄዶ ያድራል፣ ወይ መኪና ያለው ይለምናል። የእኛ ገና፣ ጃንዋሪ 7፣ በተቃራኒው ተራ ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ካልዋለ ሥራም አለ። አለቆች የዓመቱን ፈቃድ ቀድመው ስለሚያከፋፍሉ እኔ ጥያቄዬን በኦክቶበር አስገባለሁ።